ቡናው የያዮ፣ ቁጥሩ የማን?

በያዮ፣ በሁሩሙና በመቱ ገበያ ቡና ሲሸጥ ነጋዴው የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ደርቋል ወይ? አፈር አልነካውም ወይ? ስንት ፈረሱላ ይወጣዋል? ከእንግዲህ ግን አንድ ሌላ ጥያቄ መጨመሩ አይቀርም፤ የተለቀመበት ማሳ ቁጥር አለው ወይ?

ጥያቄውን ያስከተለው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ ነው። ደንቡ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በለማ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። አስመጪውም ቡናው የበቀለበትን የእያንዳንዱን ማሳ አቀማመጥ በኢንተርኔት ወደ ኅብረቱ መዝገብ እንዲያስገባ ያስገድዳል። እስከ 4 ሄክታር ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ለሚበልጠው ዙሪያው ይለካል። ደንቡ የሚጀምርበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ በተደረገው ማራዘሚያ መሠረት ለትልልቅና ለመካከለኛ ኩባንያዎች ዲሴምበር 30 ቀን 2026፣ ለትናንሾቹ ጁን 30 ቀን 2027 ሆኗል።

ጉዳዩ ላኪዎችን ብቻ የሚመለከት የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን አንድ ኮንቴይነር የሚሞላው ከብዙ ገበሬዎች ማሳ በጥቂት በጥቂቱ ተሰብስቦ ነው። ምንጩ ያልታወቀ ቡና ከሌላው ጋር ከተቀላቀለና መለየት ካልተቻለ ጭነቱ በሙሉ ይወድቃል። ሰብሳቢው ይህን ካወቀ በኋላ ቁጥር ያለውን ጀንፈል በአንድ ዋጋ፣ ቁጥር የሌለውን በሌላ ዋጋ ቢገዛ ማንም ሊደነቅ አይገባም። ቅናሹ ደግሞ የሚወርደው ከገበሬው ኪስ ነው።

ያዮ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበውና ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍነው የያዮ ቡና ደን ስሙ እንደሚናገረው ቡናና ደን ተቃቅፈው የሚኖሩበት ነው። ሳተላይቱ ከሰማይ የሚያየው ጥላውን እንጂ ከሥሩ ያለውን ቡና አይደለም። ገበሬው ቡናው ብርሃን እንዲያገኝ ጥላውን ሲያሳሳ፣ ከላይ ለሚያይ ሰው ደን የመነጠረ ሊመስል ይችላል። ራሱን የሚከላከልበት ማስረጃ በትክክል የተለካ ነጥብና የይዞታ ደብተሩ ነው።

ልኬቱም የዋዛ አይደለም። ደንቡ ነጥቡ ከዲግሪው በኋላ በስድስት አኃዝ እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ ይህም መሬት ላይ ግማሽ ስንዝር ያህል ነው። የእጅ ስልክ ግን ገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ በጥቂት ሜትሮች ይስታል፤ ዛፍ ሥር ይብስበታል። በዚህ ላይ መዝገቡ የሚቀበለው ጂኦጄሰን የተባለውን የፋይል አጻጻፍ ነው። በዚህ አጻጻፍ የምሥራቁ ቁጥር ይቀድማል፣ የሰሜኑ ይከተላል። ያዮ ከ8 ዲግሪ ትንሽ አልፎ በሰሜን፣ 36 ዲግሪ ገደማ በምሥራቅ ትገኛለች። መዝጋቢው ሁለቱን ቁጥሮች ቢያቀያይራቸው የያዮ ማሳ አልጄሪያና ቱኒዚያ ድንበር አካባቢ ያርፋል። እዚያ ቡና እንደማይበቅል ደግሞ ገዢው አያጣውም።

ደግነቱ ይህ አጻጻፍ የማንም ንብረት አይደለም። የኢንተርኔትን የአሠራር ደረጃዎች የሚያወጣው የመሐንዲሶች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመው፣ ማንም ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት ነው። ስጋቱ የሚመጣው በመካከል ከሚገቡት ነው። ላኪው የውጭ ሶፍትዌር ኩባንያ ቀጥሮ የገበሬውን ስም፣ ስልክና ነጥብ በኩባንያው ቋት ቢያስገባ፣ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ዋጋ ለሚሰጥ ሌላ ነጋዴ ልሽጥ ቢል ቁጥሩን ከማን ያገኛል? ቡናው የገበሬው ሆኖ ቁልፉ በሰው እጅ ይቀራል ማለት ነው።

ሕጉ ዝም አላለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዜጋው መረጃው ለምን እንደሚሰበሰብ የማወቅና ስህተቱን የማስተካከል መብት ይሰጠዋል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይሁን እንጂ አዋጅ በእግሩ ያዮ ገበያ ድረስ አይሄድም።

ሌላው ጣጣ የመስመሩ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኢሉ አባ ቦር ጎረቤት በሆኑት በምዕራብና በቄለም ወለጋ ኢንተርኔትና ስልክ ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦ ነበር። በዚያው ዓመት ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቷል። የሚሰጠው ምክንያት ጸጥታ ነው። ሆኖም ሰነዱ ካልተላከ ቡናው በማይሸጥበት ዘመን መስመር በማን ትእዛዝ፣ ለስንት ቀን ሊዘጋ እንደሚችልና ለንግድ የትኛው ክፍት እንደሚቆይ በሕግ በግልጽ ተለይቶ መቀመጥ አለበት።

እስከዚያው በጥቂት ወጪ የሚሠራ ሥራ አለ። ነጥቡን ለመለካት ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ስልኩ አቀማመጡን የሚያውቀው ከሳተላይት ነው። መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ከማሳ ማሳ ዞረው ይለኩ፣ ፋይሉን ራሳቸው ይያዙ፣ ለገበሬውም ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ከይዞታ ደብተሩ ጋር ይስጡት። የቡናና ሻይ ባለሥልጣንም ከገበሬ መረጃ የሚሰበስብ ላኪም ሆነ ኩባንያ ቅጂውን በክፍቱ አጻጻፍ እንዲመልስ ግዴታ ያድርግበት። አንድ ማእከላዊ የመንግሥት መዝገብ ይበቃል የሚሉ ወገኖች አሉ። መዝገቡ ቢኖር መልካም ነው፤ ነገር ግን የገበሬውን ቅጂ አይተካም።

በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ያ ገንዘብ የሚጀምረው እንደ ያዮ ካሉ ማሳዎች ነው። ሚዛን ሲሰረቅ ገበሬው ቆሞ ያያል፤ ቁጥሩ ሲወሰድ ግን ዋጋው እስኪወርድ ድረስ አያውቅም። ሥራው ከመጪው ለቀማ በፊት ይጀመር።