የማኅበር ጉዞና እሽቅድድም፤ ለደባርቅ ገበያ የሚበጀው የትኛው ነው?

ከጎንደር በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደባርቅ ከተማ ስለ ቀዘቀዘው ንግድና ስለሚነቃቃበት መንገድ በተወራ ቁጥር አንድ አሳብ ብቅ ማለቱ አይቀርም። ይኸውም በስሜን ተራራ ላይ ታላቅ የሩጫ ውድድር ቢዘጋጅና ለአሸናፊው ዳጎስ ያለ ሽልማት ቢመደብ የዓለም ሰው ወሬውን ሰምቶ ይጎርፋል የሚለው ነው። አሳቡ ክፉ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በሩጫ የታወቀች አገር ስለ ሆነች ከዚህ ቀድሞ በልብ የሚመጣ ነገር የለም። ነገር ግን የነጋዴ ጥያቄ አንደኛ የሚወጣው ማን ነው የሚል ሳይሆን፣ ገንዘቡን ይዞ የሚመጣው ማን ነው፣ ስንት ቀንስ ይሰነብታል የሚል ሊሆን ይገባዋል።

ለዚህ ጥያቄ ከስሜን እጅግ የራቀ ምሳሌ ከባሕር ማዶ ቢቀርብ አንባቢ አይደነቅ። በሞተር ጀልባ ክፍት ባሕር ላይ መሽቀዳደም እ.ኤ.አ. በ1956 ከማያሚ እስከ ናሶ፣ በ1961 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ከካውዝ እስከ ቶርኪ በተደረጉት ውድድሮች ስሙ ገነነ። ጋዜጣውም ፎቶግራፉም የእሽቅድድሙ ሆነ። ይሁን እንጂ የሞተር ጀልባ ካላቸው ሰዎች የሚበዙት ወደዚያ አልሄዱም። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ማዕበል ሞተርን ይሰብራል፤ ለውድድር የተሠራ ጀልባ ለሌላ ነገር አይሆንም፤ መካኒኩ፣ መለዋወጫው፣ ዋስትናው ሁሉ ወጪ ነው። የሕይወትም ነገር አለ። በመኪና እሽቅድድም ስሙን ያስጠራው ፈረንሳዊው ዲዲዬ ፒሮኒ በ1987፣ የሞናኮዋ ልዕልት የካሮሊን ባለቤት ስቴፋኖ ካሲራጊ ደግሞ በ1990 የሞቱት በዚሁ ውድድር ላይ ነው።

ስለዚህ በአሜሪካ ብዙ ባለ ጀልባዎች የመረጡት ሌላ ነገር ነው። በአንድ ቀን ተሰብስበው ይነሣሉ፤ በየማረፊያው ወደብ እያንዳንዱ አንድ አንድ መጫወቻ ካርታ ይወስዳል፤ በመጨረሻም የተሻለ ካርታ በእጁ የተገኘ ሰው ሽልማቱን ይወስዳል። ዕድል እንጂ ፍጥነት አይፈርድም። (በዚህም መካከል ቢሆን ፍጥነት የሚያሰክረው ሰው አይጠፋም፤ አደጋም ደርሶ ያውቃል።) ባለ ጀልባው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይሄዳል፤ በየወደቡ ነዳጅ ይቀዳል፣ ይበላል፣ ያድራል። የወደቡ ባለ ሱቅ ከእሽቅድድም ጀልባ የሚያየው አረፋውን ብቻ ነው፤ ከማኅበር ተጓዡ ግን ገንዘቡን ይቀበላል።

በአገር ውስጥም ምስክር አለ። በ1994 ዓ.ም. ኅዳር በአዲስ አበባ የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ሺህ ሰው ይዞ ተነሣ፤ የመጀመሪያውንም ያሸነፈው መሥራቹ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። ቁጥሩ በኋላ ከ40 ሺህ በላይ ደርሷል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ለሽልማት የሚሮጠው ከፊት የሚሰለፈው ጥቂት ሰው ነው። የቀረው ካናቴራውን ለብሶ እየዘፈነ፣ እየተሳሳቀ፣ ሲደክመውም እየተራመደ የሚሄድ ነው። በዓሉን በዓል ያደረገው፣ ካናቴራ ለሚያሳትመውም ውሃ ለሚሸጠውም ሥራ የፈጠረው ይህ የማያሸንፈው ሕዝብ ነው።

ወደ ስሜን ሲመለሱ ነገሩ ይበልጥ ግልጥ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ፓርክ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ደባርቅ ላይ ፈቃድ ያወጣል፤ መሪ፣ ጠመንጃ የያዘ ዘብ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ነጂ ይይዛል። ከዚያ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ እያደረ የቧሒትን ጫፍ ተሻግሮ ወደ አምቢኮ ይወርዳል። ከአምቢኮ ሌሊት ተነሥቶ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ራስ ደጀንን ወጥቶ ማታ ይመለሳል። ይህን መንገድ የሚያስኬደው ጉልበት ሳይሆን ዕርጋታ ነው። ለከፍታው ያልለመደ ሰው ከቸኮለ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ሕመሙ ከጠናም መድኀኒቱ ወዲያው ቍልቍል መውረድ ነው። ስለዚህ ዐዋቂ መሪ ጓዱን ሁሉ የሚያስኬደው በደካማው እርምጃ ነው።

የደካማው እርምጃ ደግሞ ለገበያ ሲሳይ ነው። ስድስት እንግዶች ዐምስት ቀን ቢጓዙ የሠላሳ ሰው የቀን ቀለብ ይፈለጋል፤ የመሪው፣ የዘቡ፣ የአብሳዩና የበቅሎ ነጂዎቹ ገና ሳይቈጠር። እንቍላሉ፣ ዶሮው፣ የገብስ ዱቄቱ፣ ላምባው፣ የበቅሎው ኪራይ ሁሉ ከደባርቅና ከየመንደሩ የሚወጣ ነው። ሯጩ ግን ያንኑ መንገድ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ጨርሶ፣ ስንቁን በኪሱ ይዞ መጥቶ፣ በመጣበት አውቶቡስ ይመለሳል።

የአገሩ የቀድሞ ነጋዴ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ከጎንደር በደባርቅና በሊማሊሞ አድርጎ ወደ ምጽዋ የሚወርደው ቅፍለት በነጋድራሱ ሥር ተሰብስቦ የሚጓዝ ነበር እንጂ ቀድሞ ገበያ ለመድረስ የሚሽቀዳደም አልነበረም። ሽፍታውንና ኬላውን ለብቻው የሚችል ሰው ጥቂት ነበርና።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ፣ በኋላም በ2015 ዓ.ም. ፍጻሜ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት የእንግዳው ቍጥር ክፉኛ መቀነሱ እውነት ነው። ሰላም በሌለበት የማኅበሩም ተጓዥ ሯጩም አይመጣም። ነገር ግን መንገዱ ሲከፈት አስቀድሞ የሚደርሰው ከአዲስ አበባ በየሳምንቱ መጨረሻ እየተሰበሰበ ወደ እንጦጦና ወደ ወንጪ የሚወጣው የአገር ልጅ ሊሆን ይችላል። ይህ እንግዳ በብር ይከፍላል፣ አማርኛ ይናገራል፣ ዋጋም ይከራከራል፤ አንድ ጊዜ የተበለጠም እንደ ሆነ ለመላው ጓዱ ይነግራል።

ለዚህ ሰው ደባርቅና ዳባት ምን ያዘጋጃሉ? አስመጪው ዝናብ የማያስገባ ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢትና ትንንሽ የጋዝ ምድጃ ቢያመጣ፣ ባለ ሱቁ ለመሸጥ ብቻ ሳይሆን ለማከራየት ቢያስቀምጥ ያተርፍበታል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ተራራ ለሚወጣ ሰው ድንኳን መግዛት ከባድ ነውና። ላኪውም የተራራውን የሱፍ ቆብና ስፌት አይናቅ፤ የጉምሩክና የመርከብ ጣጣ ሳይኖረው ገዢው ራሱ ተሸክሞ ይወስድለታል።

ውድድሩ ጨርሶ ይቅር ማለት አይደለም። በማኅበር ጉዞው መካከል አንድ ቀን ተለይቶለት ጎበዞቹ ቢሮጡ ለሌሎቹ ጥሩ መመልከቻ ይሆናል። ሽልማቱ ግን በመጠኑ ይሁንና ለአንድ ሰው ሊሰጥ የታሰበው ገንዘብ የሚበልጠው እጅ በአምቢኮ ማደሪያ ላይ ለንጹሕ ውሃ፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለበቅሎ ነጂዎቹ የሌሊት መጠለያ ቢውል፣ እንግዳው በአምቢኮ አንድ ሌሊት ጨምሮ ለማደር ምክንያት ያገኛል።