የሠራተኛው ላብ የፈሰሰበት ድልድይ ለሠራተኛው ይሁን

የሕዝብ ሀብት አገልግሎቱን ስለጨረሰ ብቻ ባለቤት አልባ አይሆንም። ይህን የምናነሣው በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ሲመረቅ አሮጌው መስመር ጥሏቸው የቀሩትን ድልድዮች፣ በተለይም በአዋሽ ገደል ላይ የተዘረጋውን የብረት ድልድይ በማሰብ ነው።

የሚዛንና የቴፒ አንባቢ «ባቡር ባልደረሰበት አገር ስለ አሮጌ ሐዲድ ምን ያወራል?» ይል ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በወጣው ብሔራዊ የባቡር ዕቅድ በጅማና በጉራፈርዳ አልፎ ዲማ የሚደርስ መስመር ተነድፎ ነበር፤ ከወረቀት ግን አልወረደም። ሆኖም ባቡሩ ወደ ቡናው አገር ባይመጣም ቡናው ወደ ባቡሩ ሄዷል። ከደቡብ ምዕራብ ጫካ የተለቀመው ቡና አንዱ ክፍል በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ሲወርድ፣ ሌላው በበቅሎ፣ ኋላም በጭነት መኪና አዲስ አበባ ደርሶ፣ በፉርጎ ተጭኖ አዋሽን ይሻገር ነበር። ለቃሚው የላቡን ዋጋ ሳያገኝ፣ ትርፉ የባላባቱ፣ የነጋዴውና የውጭው ከበርቴ ሆነ።

ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የግንባታ ፈቃድ በውጭ ካፒታል እጅ ገብቶ፣ ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። በ1933 ዓ.ም. የሸሸው የፋሺስት ጦር የአዋሽን ድልድይ አፈረሰው፤ ከነጻነት በኋላም ዳግም ተሠራ። በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ የሠራተኛ ማኅበራት አንዱን ያቋቋሙትም የዚሁ ባቡር ሠራተኞች መሆናቸው አይዘነጋም።

ታዲያ ይህ ብረት በውዳቂ ሂሳብ ይሸጥን? በፓሪስ ባቡር የቆመበት የቬንሰን መስመር እ.ኤ.አ. በ1993 የ4.5 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ሆኖ ተከፍቷል፤ ከድልድዩ ቅስቶች ሥር የእጅ ባለሙያዎች ይሠራሉ። በኒውዮርክም ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ የጭነት ባቡር ሐዲድ ከ2009 ጀምሮ መናፈሻ ሆኗል። እዚያ ግን የመሬት ዋጋና የቤት ኪራይ ናረ፤ መናፈሻው ለሁሉ ክፍት ነው ቢባልም፣ በዙሪያው ለመኖር አቅም ያለው ባለገንዘብ ነው። የእኛ ጥንቃቄ ከዚህ ላይ መጀመር አለበት።

መዝናናት የባለጸጋ ቅንጦት ነው የሚለው አስተሳሰብ የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት ነው። ስምንት ሰዓት ጀርባውን ያጎበጠ ወዛደር ከልጆቹ ጋር በነጻ የሚራመድበት ስፍራ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ በአስቸኳይ መሐንዲሶች የአዋሽን ድልድይ ብረት ይመርምሩ፤ የሚያስተማምን ከሆነ ወለልና የእጅ መደገፊያ ይበጅለት። መግቢያው ያለ ክፍያ ይሁን፤ ጥበቃውና ጥገናው ለቀድሞ የባቡር ሠራተኞችና ለአካባቢው ነዋሪዎች ማኅበር ይሰጥ። በድልድዩ አፍ የሚተከለው ሰሌዳም የነገሥታትን ስም ብቻ ሳይሆን ምን ጭነት፣ ከማን እርሻ እንዳለፈ ይጻፍበት። ከሰሌዳው ጎን ቡና የሚያፈሉት ደግሞ የሼካና የቤንች ሸኮ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ቢሆኑ፣ የቴፒ ቡና አዋሽ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአምራቹ ስም ይሸጣል።