ረጅሙ ትራያትሎን፦ መጨረስ ማለት በጤና ወደ ቤት መመለስ ነው



እንደሚታወቀው በዚህ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ደም ግፊትና ቁጭ ብሎ መዋል ስለሚያስከትለው ጉዳት ነው። ዛሬ ግን በተቃራኒው ሰውነትን እስከ አቅሙ ጫፍ ስለሚፈትን ስፖርት እንነጋገራለን። ለዚህ ያነሳሳኝ በምሠራበት መድኃኒት ቤት የቀረበልኝ ጥያቄ ነው። አንዲት እናት ጀርመን የሚኖረው ልጃቸው በፍራንክፈርት ለሚካሄደው ረጅም ትራያትሎን መመዝገቡን ነግረውኝ፣ «ብርታት የሚሰጠው፣ ሕመም የማያስችለው ምን ኪኒን ልላክለት?» አሉኝ። ጥያቄው የሌሎች ቤተሰቦችም ሊሆን ስለሚችል መልሱን በጽሑፍ ማስፈር መረጥኩ።

ትራያትሎን ማለት ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ሳይቋረጡ ተከታትለው የሚካሄዱበት ውድድር ነው። አጭሩ ዓይነት 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ብዙዎች «አይረንማን» በሚለው ስም የሚያውቁት ረጅሙ ግን 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሙሉ ማራቶን ማለትም 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለው። በአብዛኛው የሚፈቀደው ጊዜ 17 ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው እስከ እኩለ ሌሊት ጊዜ አለው ማለት ነው።

ውድድሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 በሃዋይ፣ በኦዋሁ ደሴት ሲሆን ሐሳቡን ያመነጩት የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ጆን ኮሊንስና ባለቤቱ ጁዲ ናቸው። 15 ሰዎች ጀምረው 12ቱ ጨረሱ። አሸናፊው ጎርደን ሃለር 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ፈጀበት። ሁለተኛ የወጣው ጆን ደንባር ደግሞ ውሃ አልቆ ረዳቶቹ ቢራ እንደሰጡት ይነገራል። በዚያን ጊዜ ሰውነት በእንዲህ ያለ ድካም ውስጥ ምን እንደሚያስፈልገው የነበረው ዕውቀት ምን ያህል ትንሽ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ጁሊ ሞስ የተባለች ተማሪ ከሴቶቹ ቀድማ ወደ መጨረሻው መስመር ስትቃረብ ጉልበቷ ከዳት። ወደቀች፤ ተነሳች፤ እንደገና ወደቀች። ካትሊን ማካርትኒ አልፋት አንደኛ ስትሆን፣ ጁሊ እየዳኸች መስመሩን አለፈች። በቴሌቪዥን የታየው ይህ ምስል ስፖርቱን ለብዙ ሕዝብ አስተዋወቀ። ጽናቷን አደንቃለሁ። ይሁን እንጂ ለጀማሪ አርአያ መሆን ያለበት ይህ ምስል ነው ብዬ አላምንም። ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ትራያትሎን የሚሞክር ሰው ግቡ መጨረስ ነው፤ መጨረስ ማለት ደግሞ በጤና፣ በራስ እግር ወደ ቤተሰብ መመለስ ነው። ለዚህ የሚያበቃውም የወራት ልምምድ እንጂ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ኪኒን አይደለም።

1. ማስታገሻ ጉልበት አይሆንም

እ.ኤ.አ. በ2008 በብራዚል በተካሄደ ረጅም ትራያትሎን ከተጠየቁት ስፖርተኞች መካከል 60 ከመቶ ያህሉ ከውድድሩ በፊት በነበሩት 3 ወራት እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችን መውሰዳቸውን ተናግረዋል። ብዙዎቹም በውድድሩ መሐል ወስደዋል። እንደ መድኃኒት ባለሙያ ይህ ያሳስበኛል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ ደም በብዛት ወደ ጡንቻና ወደ ቆዳ ስለሚሄድ ለኩላሊት የሚደርሰው ይቀንሳል። ኩላሊት ይህን የሚቋቋመው ፕሮስታግላንዲን በሚባሉ ንጥረ ነገሮች እገዛ የደም ቧንቧዎቹ ክፍት ሆነው ስለሚቆዩ ነው። ማስታገሻዎቹ ደግሞ ሕመምን የሚቀንሱት የእነዚህኑ ንጥረ ነገሮች መመረት በመግታት ነው። ኩላሊት በጣም በሚፈልጋቸው ሰዓት እናሳጣዋለን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት 80 ኪሎ ሜትር ከሚሮጡ ሰዎች ከፊሎቹ አይቡፕሮፌን፣ ከፊሎቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ኪኒን ተሰጣቸው። አይቡፕሮፌን ከወሰዱት 52 ከመቶ፣ ካልወሰዱት 34 ከመቶ በሚሆኑት ላይ የኩላሊት ጉዳት ምልክት በደማቸው ታየ። ድካሙ ብቻውን ኩላሊትን እንደሚፈትን፣ ኪኒኑ ደግሞ ፈተናውን ሊያከብደው እንደሚችል ልብ በሉ። ከዚህ በተጨማሪ እነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራን ሊያደሙ ይችላሉ።

ፓራሲታሞልም ቢሆን ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። ሕመም መልእክት ነው፤ መልእክተኛውን ዝም ማሰኘት መልእክቱን አያጠፋውም። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ልምምድ ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ማማከር ይኖርባቸዋል።

2. ውሃም ሲበዛ ይጎዳል

ብዙዎቻችን «ውሃ ጠጣ፣ ጠጣ» እያልን እንመክራለን። ነገር ግን ከላብ ከሚወጣው በላይ ለሰዓታት ውሃ የጠጣ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፤ አንጎል ያብጣል፤ ራስ ምታት፣ ማስታወክና መደናገር ይከተላሉ፤ ካልታከመም ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች መካከል 13 ከመቶ የሚሆኑት ሶዲየማቸው ከመጠን በታች ወርዶ ተገኝቷል። በዚያው ውድድር አንዲት ሯጭ በዚሁ ምክንያት ሕይወቷ አልፏል።

በመሆኑም ጥማትን ተከትሎ መጠጣት ይሻላል። ከረጅም ልምምድ በፊትና በኋላ በሚዛን ላይ መቆም ደግሞ ቀላል መለኪያ ነው። ክብደት በመጠኑ ቢቀንስ የሚጠበቅ ነው፤ ከጨመረ ግን የተጠጣው በዝቷል ማለት ነው። ጨው ያለበት መጠጥ ቢረዳም ከመጠን በላይ ከመጠጣት አያድንም።

3. ምግብም ልምምድ ይፈልጋል

ሰውነታችን በጡንቻና በጉበት የሚያከማቸው ካርቦሃይድሬት በግምት 400 እስከ 500 ግራም ነው። ይህ 2,000 ካሎሪ ገደማ የሚሰጥ ሲሆን ለሙሉ ቀን ውድድር ፈጽሞ አይበቃም። ስለዚህ በጉዞ ላይ መብላት ግድ ነው። ለጀማሪ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ጥሩ መነሻ ነው። መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል ይሰጣል። ቴምርም ለብስክሌቱ ክፍል የሚመች ስንቅ ነው፤ ፍሬውን አውጥቶ በኪስ መያዝ ይቻላል። የለመዱ ስፖርተኞች ሁለት ዓይነት ስኳር በመቀላቀል እስከ 90 ግራም ይደርሳሉ፤ ምክንያቱም ግሉኮስና ፍሩክቶስ በአንጀት የሚያልፉባቸው በሮች የተለያዩ ናቸው።

ዋናው ቁም ነገር ግን አንጀትም እንደ እግር መለማመዱ ነው። በልምምድ ያልተሞከረ ምግብ በውድድር ቀን አይሞከርም።

4. ዝግጅቱ በወራት ይለካ

እኛ ሐበሾች በሩጫ እንመካለን። ዋና ላይ ግን ብዙዎቻችን ደካሞች ነን፤ አደጋው የሚበዛውም እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2016 በአሜሪካ ትራያትሎኖች የደረሱ 135 ሞትና ድንገተኛ የልብ መቆም ሲጠኑ 90ዎቹ የደረሱት በዋናው ክፍል ነው። 85 ከመቶዎቹ ወንዶች ሲሆኑ አማካይ ዕድሜያቸው 47 ዓመት ገደማ ነበር። ስለዚህ ዕድሜው ከ40 ያለፈ ወንድ ልቡን ሳይመረመር አይመዝገብ። ሁሉም ጀማሪ ደግሞ በመዋኛ ገንዳ ብቻ ሳይሆን በአሰልጣኝ ክትትል በክፍት ውሃ ይለማመድ።

መጀመሪያ አጭሩን፣ ቀጥሎ መካከለኛውን፣ ከዚያ ረጅሙን መሞከር ነው። ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት የሚፈጅ፣ በሳምንት ከ8 እስከ 15 ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው። አብዛኛው ልምምድ እያወሩ ሊያደርጉት በሚቻል ዝግታ ይሁን። ከብስክሌት ወርዶ ወዲያው መሮጥንም አዘውትሮ መለማመድ ይጠቅማል፤ እግር በዚያ ሰዓት ሌላ እግር ነውና።

5. ጊዜውን ማን ይሰጣል?

እነዚህ ሰዓቶች የሚወሰዱት ከትዳር ጓደኛ፣ ከልጆችና ከወላጆች ነው። ቤተሰብ ተማክሮበት ያልፈቀደው ልምምድ ቂም ያተርፋል። ረመዳንም በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ከመመዝገብ በፊት የቀን መቁጠሪያውን ማየት ያስፈልጋል። ጾም ላይ ሆኖ 5 ሰዓት ብስክሌት መንዳት ጥበብ አይደለም፤ በዚያ ወር ከኢፍጣር በፊት ወይም በኋላ በሚደረግ ቀላል እንቅስቃሴ አቅምን መጠበቅ ይበቃል። በ17 ሰዓት ውስጥ ከዙህር እስከ ዒሻእ ያሉት ሶላቶች እንደሚገቡም አስቀድሞ አስቦ ዑለማዎችን መጠየቅ ይገባል። ልብስ የሚለወጥበት ቦታ ለመስገድ ሊመች ስለሚችል አዘጋጆቹን ቀድሞ ማነጋገር ጥሩ ነው።

ለእህቶቼም አንድ ነገር ልበል። ኢራናዊቷ ሺሪን ጌራሚ እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ላይ በዓለም የትራያትሎን ሻምፒዮና አገሯን የወከለች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ2016 ደግሞ ፀጉሯንና ሰውነቷን ሸፍና የሃዋዩን ረጅም ውድድር ጨርሳለች። መሸፈን ከስፖርት አይከለክልም።

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ ራስን ማሰቃየት ነው» ይላሉ። ያለ ዝግጅት ለሚገባበት ሰው እውነታቸውን ነው። ተዘጋጅቶ ለሚገባበት ግን ትዕግሥትን፣ ሥርዓትንና አቅምን ማወቅን የሚያስተምር ነው። ስለዚህ ልጆቻችሁ ለእንዲህ ዓይነቱ ውድድር ሲዘጋጁ «ምን ኪኒን ልላክ?» ከማለት ይልቅ «ልብህን ተመርመርክ? ምን እየበላህ ትለማመዳለህ? ማን ነው የሚያሠለጥንህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሕመም ሲጸናበት ወይም ራሱ ሲዞርበት አቋርጦ መውጣት ውርደት እንዳልሆነም አስቀድማችሁ ንገሩት። ውድድሩ በሚቀጥለው ዓመት ኢንሻአላህ ይደገማል፤ ኩላሊትና ልብ ግን ምትክ የላቸውም።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። ወቢላሂ ተውፊቅ።