ለማንኩሳ ዝናብ የዓለምን መዝገብ ማውረድ

ይድረስ፦ የዝናብ መዝገብ በኮድ ለሚያወርዱ ተመራማሪዎች፣ እንዲሁም ኮዱን ለተማሪ ለሚያቀብሉ መምህራን

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባለችው ማንኩሳ ዙሪያ የበቆሎን ክረምት የሚያጠና ሰው የዓመታት የዝናብ ልኬት ሲፈልግ ከሚያንኳኳቸው በሮች አንዱ ጂኤችሲኤን ዴይሊ ነው። ይህ በአሜሪካው ኖኣ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ዕለታዊ መዝገብ ከ100,000 በላይ ጣቢያዎችን ይዟል። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ የጽሑፍ ፋይል አለው፤ የኢትዮጵያዎቹ የፋይል ስም «ኢቲ» ብሎ ይጀምራል። ባሕር ዳርን ከደብረ ማርቆስ ለማነጻጸር ሁለት ትንንሽ ፋይሎች ይበቃሉ።

ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ኮድ ግን የዓለሙን ጥቅል፣ ያንን ሁሉ ጊጋባይት፣ ይጎትታል። ሁለቱን ፋይል ይመርጥና ሌላውን ይጥላል። በማግስቱ ሲነሳ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል! የሞባይል ዳታ ገዝቶ ለሚሠራ ተማሪ ይህ የኪስ ጉዳይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ፋይሉን በዲስኩ ያኖረ ሰው ሥራውን መቀጠል ይችል ነበር፤ ኮዱ በየጊዜው ሰርቨር የሚጠራበት ግን እጁን አጣጥፎ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ከብክነቱ ይልቅ የሚያሳስበው ዝምታው ነው። የፓይተኑ ሪኩዌስትስ ካልታዘዘ በቀር የጥበቃ ገደብ የለውም፤ መስመሩ ከደረቀ ኮዱም አብሮ ይደርቃል። ሰርቨሩ «ፋይሉ የለም» ብሎ 404 ሲመልስም ስህተት አያስነሳም። ስለዚህ የስህተቱ ገጽ የጣቢያውን ስም ይዞ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። በአር ቋንቋ በኩል ደግሞ የማውረጃው ገደብ 60 ሴኮንድ ነው፤ በቀርፋፋ መስመር ትልቅ ፋይል ሳይሞላ ይቋረጣል።

ይህ ደብዳቤ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ኮዱ መጀመሪያ የትኛው ጣቢያ ከየትኛው ዓመት እስከየትኛው እንደለካ የሚያሳየውን ዝርዝር ያንብብ። ያለውን ፋይል ደግሞ አያውርድ፤ ሰርቨሩን ተለውጦ እንደሆነ ብቻ ይጠይቀው። የተቋረጠውን ካቆመበት ይቀጥል፤ ኩርልም ዊጌትም ይህን ያውቁበታል። የወረደውንም ይመርምር፦ በዚህ መዝገብ አንድ መስመር የአንድ ወር ልኬት ሲሆን ርዝመቱ 269 ፊደል ነው፤ የስህተት ገጽ ይህን ፈተና አያልፍም።

በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ደግሞ ፋይሉ የወረደበት ቀን ይጻፍ። መዝገቡ በየጊዜው ስለሚታደስ፣ በጥር የወረደውና በሰኔ የወረደው ላይመሳሰሉ ይችላሉ።