የፊኛ ካንሰር በወጣትነት፦ የዘረመል ምርምሩ ያልደረሰላቸው የምሥራቅ አፍሪካ ሕሙማን

የፊኛ ካንሰር በምዕራቡ ዓለም የአረጋውያን ሕመም ተደርጎ ይታያል። በአሜሪካ በሽታው የሚገኝባቸው ሰዎች አማካይ ዕድሜ 73 ዓመት ገደማ ነው። በአባይ ሸለቆ፣ በሱዳን የመስኖ እርሻዎችና ከዚያ ወደ ደቡብ እስከ ማላዊ በሚዘልቀው ምድር ግን በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ገበሬዎችንና ዓሣ አጥማጆችን ሲያጠቃ ኖሯል። አንዳንዶቹ ከዚያም በታች ናቸው።

እነዚህን ሕሙማን የሚለያያቸው ዕድሜ ብቻ አይደለም። በካንሰሩ ሕዋሳት ውስጥ የተበላሸው ዘረመልም ይለያያል። ይህ ልዩነት ደግሞ በየትኛው መድኃኒት ሊታከሙ እንደሚችሉ የሚወስን ጉዳይ እየሆነ መጥቷል።

ፊኛ በካንሰር ምርምር ታሪክ ልዩ ስፍራ አለው። እ.አ.አ. በ1982 ተመራማሪዎች ጤነኛ ሕዋስን ወደ ካንሰር የሚወስድ የአንድ ፊደል ያህል የዘረመል ለውጥ በሰው ዕጢ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለዩ፣ ያገኙት ከፊኛ ካንሰር በተወሰደ ሕዋስ ነበር። ዘረመሉ ኤች-ራስ ይባላል።

ከዚያ ወዲህ የተገኙት ለውጦች ብዙ ናቸው። በዕድሜ በገፉ ሕሙማን ዘንድ ጎልቶ የሚታየው ቴርት በተባለው ዘረመል መቆጣጠሪያ ክፍል ላይ የሚደርሰው ነው፤ ለውጡ ሕዋሱ ስንት ጊዜ ተከፋፍሎ መሞት እንዳለበት የሚቆጥረውን ሥርዓት ያሰናክላል። ኤፍ-ጂ-ኤፍ-አር-3 በተባለው ዘረመል ላይ የሚደርሰው ለውጥ ደግሞ ሕዋሱ ያለማቋረጥ የዕድገት ትእዛዝ እንደደረሰው ሆኖ እንዲባዛ ያደርገዋል። ከ20 ዓመት በታች ባሉ ሕሙማን ዘንድ ሁለቱም ለውጦች ብርቅ ናቸው። የእነዚህ ልጆች ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጡንቻው ሳይዘልቅ በፊኛው የውስጥ ሽፋን ላይ የሚቀር፣ የዘረመል ትርምሱም አነስተኛ የሆነ ነው። ከስንት አንዴ ሥሩ በውልደት የመጣ ይሆናል፤ ኮስቴሎ ሲንድረም የተባለው ሕመም ያለባቸው ልጆች ከተፈጥሯቸው የተለወጠ ኤች-ራስ ይዘው ስለሚወለዱ ለፊኛ ካንሰር ይጋለጣሉ።

ይህ ሁሉ ዕውቀት የተገኘው በአመዛኙ በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በእስያ ሆስፒታሎች ከታከሙ ሰዎች ነው። የአፍሪካ ወጣት ሕሙማን ታሪክ ሌላ መነሻ አለው።

መነሻው ውኃ ነው። ሽስቶሶማ ሄማቶቢየም የተባለው የቢልሃርዚያ ትል በንጹሕ ውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ፣ በሚታጠብ ወይም በሚዋኝ ሰው ቆዳ በኩል ይገባል። ትሉ በፊኛ ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፤ እንቁላሎቹም በፊኛው ግድግዳ ውስጥ ተቀብረው ይቀራሉ። ግድግዳው ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ይጠግጋል፣ እንደገና ይቆጣል። በዚያ ላይ የሚጨመረው የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ናይትሮዛሚን የተባሉ ካንሰር አምጪ ውሁዶች በሽንት ውስጥ እንዲፈጠሩ ያደርጋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ትሉን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠባቸው ነገሮች መደብ ያስገባው እ.አ.አ. በ1994 ነው።

በዚህ መንገድ የሚመጣው ካንሰር ብዙ ጊዜ ስኳመስ የሚባለው ዓይነት ነው። በምዕራቡ ዓለም ከሚያመዝነው ዓይነት ይለያል፤ ቲ-ፒ-53 በተባለው የሕዋስ ጠባቂ ዘረመል ላይ የሚደርስ ጉዳትና በዘጠነኛው ክሮሞዞም ላይ የሚታይ ጉድለት ተደጋግሞ ተገኝቶበታል።

የግብፅ ተሞክሮ ይህን በግልጽ ያሳያል። አገሪቱ ቢልሃርዚያን በስፋት ማከም ከጀመረች ወዲህ ስኳመሱ እየቀነሰ፣ በምዕራቡ ዓለም የተለመደው ዓይነት እየበዛ፣ የሕሙማኑም ዕድሜ ከፍ እያለ ሄዷል። (የመጀመሪያው ዘመቻ በመርፌ ይሰጥ ስለነበር ሄፓታይተስ ሲን ማዛመቱ የዚያው ታሪክ መራራ ገጽ ነው።)

እ.አ.አ. በ2019 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤርዳፊቲኒብ ለተባለው እንክብል ፈቃድ ሰጠ። የዘረመል ለውጥን ነጥሎ የሚያጠቃ የመጀመሪያው የፊኛ ካንሰር መድኃኒት ነው። የሚሰጠው ግን ዕጢው ተመርምሮ የኤፍ-ጂ-ኤፍ-አር-3 ለውጥ ለተገኘበት ሕመምተኛ ነው። የዚህ ዓይነት ምርምር መሠረት ከሆኑት ሥራዎች አንዱ፣ እ.አ.አ. በ2017 የወጣው የአሜሪካው ዘ ካንሰር ጂኖም አትላስ ጥናት፣ 412 ዕጢዎችን መርምሯል። የተመረጡት በምዕራቡ ዓለም የሚያመዝነው ዓይነት ዕጢዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ሕሙማንም ነጮች ነበሩ። በቢልሃርዚያ ሳቢያ የታመመው የገዚራ ገበሬ በዚህ ካርታ ላይ የለም ማለት ይቻላል።

ይሁንና የዘረመል ምርመራ ማሽን ማስገባት የመጀመሪያው መፍትሔ ነው ብሎ መደምደም አሳሳች ነው። ከዚያ በፊት የሚቀድሙ ነገሮች ጎድለዋል። ቢልሃርዚያ በበዛባቸው መንደሮች ደም የተቀላቀለበት ሽንት ለወንድ ልጅ የዕድገት ምልክት ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ብዙዎችን አያስደነግጥም። ጤና ጣቢያ የሄደውም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ተሰጥቶት ይመለሳል። በሽንት ቧንቧ በሚገባ ካሜራ ፊኛውን የሚመለከት ሐኪምና ናሙናውን የሚያነብብ ፓቶሎጂስት የሚገኙት በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ነው። ሕመምተኛው እዚያ ሲደርስ የሚቀርበው ምርጫ ብዙ ጊዜ ፊኛውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነው።

በኢትዮጵያ ይህ የትል ዓይነት በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በዋቢ ሸበሌ ሸለቆና በሱዳን ድንበር በኩርሙክ አካባቢ ይገኛል። ደጋማውን ክፍል የሚያጠቃው አንጀትና ጉበት ላይ የሚያተኩረው ሌላው ዝርያ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.አ.አ. በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያስተዋሉት ያን ዝርያ ሲያጠኑ ነበር።

በሱዳን የገዚራ መስኖ፣ እ.አ.አ. ከ1925 ጀምሮ የአገሪቱን ጥጥ ያበቀሉት ቦዮች የቀንድ አውጣው መራቢያም ሆነዋል። በዚያው ግዛት ዋና ከተማ በዋድ መዳኒ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ነበር። ከተማዋ በታኅሣሥ 2023 እ.አ.አ. በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ስትወድቅ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰደደ፤ ሠራዊቱ መልሶ የያዛት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በጥር 2025 እ.አ.አ. ደግሞ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን አቋረጠች፤ ቢልሃርዚያን ጨምሮ ችላ የተባሉ በሽታዎችን ለመከላከል በብዙ የአፍሪካ አገሮች ትደግፈው የነበረው ሥራም አብሮ ቆመ።

ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ትሉን ይገድላል፤ መርክ የተባለው የጀርመን ኩባንያም በብዛት በነጻ ይሰጠዋል። የጎደለው ክኒኑን ከመጋዘን አውጥቶ እስከ መንደር የሚያደርሰው ሥራ ነው። ዘመቻው ለረዥም ጊዜ ያተኮረው በትምህርት ቤት ልጆች ላይ ነበር። ለጨቅላ ሕፃናት ተብሎ የተዘጋጀው መድኃኒት የአውሮፓን ተቆጣጣሪ ይሁንታ ያገኘው ገና በታኅሣሥ 2023 እ.አ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እናቶቻቸው ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር በአንድ ዓመታቸው በትሉ የተያዙ ልጆች ለመታከም ትምህርት ቤት እስኪገቡ ይጠብቁ ነበር።