የሽንት ቤት ነገር ነውር ነውን?



ወላይታ ሶዶ ውስጥ ከምናስተምራቸው ወጣቶች አንዱ ባለፈው ክረምት ከትምህርት በኋላ ቀርቦ፣ «ኡስታዝ፣ የሽንት ቤት ነገር ብጠይቅዎ ነውር ይሆንብኛል?» አለን። አባቱ በስትሮክ ግማሽ ሰውነታቸው ከታመመ ወዲህ ግድግዳ ተደግፈው ሽንት ቤት ይገባሉ፤ ውሃ ማውረጃውን መጫን ግን አልቻሉም። ምራታቸውን ለዚህ መጥራት ደግሞ ሞት ሆነባቸው። ሐያእ ያለው ሰው ይህን ይረዳዋል።

ነውርስ የለውም። መሐንዲሱ አል-ጀዘሪ በዲያርበክር በነበረው የአርቱቅ ቤተ መንግሥት ሲያገለግል ለኡዱእ ውሃ የሚያፈስ መሣሪያ ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1206 በጨረሰው መጽሐፉ አስፍሮታል። ንጉሡ አገልጋይ በእጃቸው ላይ ውሃ እንዲያፈስ አይወዱም ነበርና። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የወልቂጤው ወጣት ኢዘዲን ካሚል እጅ ሳይነካው ሳሙና የሚሰጥ መሣሪያ ሠርቷል።

ተማሪያችን የተጠቀመው አርዱዪኖ የሚባለውን ከመዳፍ የማይበልጥ ሰሌዳ ነው። በላዩ ያለው ማይክሮኮንትሮለር የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ከመቀመጫው በስተኋላ የተሰቀለው ሴንሰር የሰው ጆሮ የማይሰማው የ40 ሺህ ሄርዝ ድምፅ ይልክና ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ 6 ሚሊ ሰከንድ ከፈጀ ከፊቱ ያለው ነገር 1 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ሰው ተቀምጦ ከተነሣ አንዲት ትንሽ ሞተር ክር ስባ የውሃ ማጠራቀሚያውን የጎማ ክዳን ታነሣለች።

በመጀመሪያው ቀን አባት ለኢስቲንጃእ ጆጉን ሊያነሡ ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ ሴንሰሩ «ሄዱ» ብሎ ውሃውን ለቀቀው። ተረጩ። ዙህርን ልብስ ቀይረው ሰገዱ፤ ልጁም አፈረ። ለካ ወጣቱ የተከተለው መመሪያ በወረቀት ለሚጠራረግ ሰው የተጻፈ ኖሯል! ጋቢም ድምፁን ስለሚውጠው ሴንሰሩን ያታልለዋል።

ፕሮግራሙን አብረን አየነው። አሁን ሰው ቢያንስ 15 ሰከንድ ካልተቀመጠ መሣሪያው አይቆጥረውም፤ ተነሥቶም ቦታው 20 ሰከንድ ሳይቋረጥ ባዶ ካልሆነ ውሃ አይለቅም። በመካከል ከተመለሰ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ ኡዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። 9 ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያ በከንቱ አንድ ጊዜ ቢለቀቅ ቢያንስ የዘጠኝ ሰው ኡዱእ ፈሰሰ ማለት ነው፤ ያውም ውሃ በጀሪካን በሚጠራቀምበት ሰፈር።

ለምትሞክሩ ወጣቶች አንድ አደራ አለን፤ የ220 ቮልት ሽቦ እርጥብ ክፍል ውስጥ እንዳታስገቡ። ለዚህ ሥራ በ5 ቮልት የሚሠራ መሣሪያ ይበቃል። የድሮውንም እጀታ አትንቀሉት፣ መብራት ይጠፋል።

አባት አሁን ብቻቸውን ገብተው ብቻቸውን ይወጣሉ፤ አልሐምዱሊላህ። ከውጪ ሆነው የውሃውን ድምፅ ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ አሉ። በሚቀጥለው እትም ኢንሻ አላህ ስለ መስጂድ የኡዱእ ቧንቧ እናወጋለን።