ወርቃማው ዘመን ጊምቢቹ አልደረሰም

ሰሞኑን አንድ የኤፍኤም አዘጋጅ «የልጅነታችን ዜማዎች» ብሎ ከ1961 እስከ 1967 ዓ.ም. የታተሙ ሸክላዎችን ያለ ዕረፍት አሰማን። ዜማዎቹ ግሩም ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ጠብ የለኝም። ግን የማን ልጅነት ነው? እኔ እነዚያ ሸክላዎች ሲታተሙ ገና አልተወለድኩም፤ የተወለዱትም የአገሬ ልጆች ቢሆኑ ማጫወቻውን በዓይናቸው አላዩትም።

ፕሮግራሙ ሳያልቅ ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ አንድ የፒያሳ ሸክላ ሰብሳቢ ወዳጄ ነው። «ሰማህ? ሙዚቃ ማለት ይሄ ነው። ደርግ ገባ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ካሴት መጣ፣ አለቀ!» አለኝ። እሱ ዘንድ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ተዝካሩ ወጥቶለታል። ማስረጃውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ዐምሃ እሸቴ የመንግሥትን ሞኖፖል ደፍሮ በ1961 ማሳተም ጀመረ፤ መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላዎችና ደርዘን ያህል ትልልቆቹን አወጣ። ከዚያ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ በ1990 ገደማ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ለዓለም አሰማቸው። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ የሆሊውድ ተዋናይ ባለበት ፊልም ውስጥ ገባ። እሰየው! ግን ፈረንጅ የሰበሰበው ሁሉ የእኔ ልጅነት አይሆንም።

ያደግሁት ጊምቢቹ ነው። የሶሮዋ፣ ከሆሳዕና ወዲያ ያለችው፤ የምሥራቅ ሸዋዋን የሚያስታውስ ካለ እሷን ለባለቤቶቿ ይተውልኝ። በእኛ ሰፈር ሸክላ ጀበና ነው፤ ሙዚቃው ካሴት ነበር። ካሴት ርካሽ ነው፣ መብራት አይጠይቅም፣ አንዱ ገዝቶ ለመንደሩ ሁሉ ይገለብጣል። ወዳጄ የናቀው በዚህ ነው፤ እኔ ዘንድ የደረሰውም በዚሁ ነው።

እኛ ቤት ግን እሱም አይገባም። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፤ ዓለማዊ ዘፈን በደጃችን አያልፍም። በአጥር ግን ያልፋል። ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ኤፍሬም ታምሩን፣ ንዋይ ደበበን፣ አስቴር አወቀን፣ ጥላሁን ገሠሠን ያሰማናል። ውሃ ልቀዳ ስላክ መንገዴን በዚያ በኩል አደርጋለሁ። «ውሃው እስኪሞላ ነው ወይስ ዘፈኑ እስኪያልቅ ነው የምትቆየው?» ይሉኝ ነበር አባቴ፣ መልሱን እያወቁት።

ሻይ ቤቱ የቴፑን ድንጋይ ቶሎ አይቀይርም። ሲደክም ጣራው ላይ ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ፀሐዩ ሲያንሰው ደግሞ ጥላሁን ራሱ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይጎተታል። እኔ ጥላሁንን የማውቀው እንደዚያ ነው። አዲስ አበባ መጥቼ በደንበኛ ማጫወቻ ስሰማው «ሰውዬው ምን አስቸኮለው?» አልኩ። እስከ ዛሬም የአንዳንዱን ዘፈን እውነተኛ ፍጥነት ጆሮዬ አልተቀበለውም። የዘመኑ ቤዝማ አይነሳ፤ የሮሃ ባንድ ጆቫኒ ሪኮ ሲመታ በደከመ ድንጋይ እንኳ የሻይ ቤቱን ቆርቆሮ ያርገበግበው ነበር። ወዳጄ ይህን ሁሉ «የኪቦርድ ዘመን» ብሎ ያልፈዋል። ይለፈው።

ቤታችን የሚነገረው ሀዲይሳ ነው። አማርኛ ከመምህራኑ እኩል ያስተማረኝ ያ ሻይ ቤት ነው፤ ጉዱም ያኔ መጣ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ለብሔራዊ ውትድርና ለዘመተ ወንድም ደብዳቤ ጻፉ አሉን። ናፍቆት በአማርኛ እንዴት እንደሚገለጽ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። የወንድሜን ዓይንና ጥርስ አወደስኩ፣ ቁመናውን አደነቅሁ፣ ከእሱ በቀር ሌላ እንደማላይ ማልኩ፣ በሌሊት ህልሜ እየመጣ እንዳያስቸግረኝ ለመንኩ። መምህሩ ለክፍሉ ጮክ ብለው አነበቡትና «ይሄ ልጅ ወንድም ነው ያለው እጮኛ?» አሉ። ለእጅ ጽሑፌ ግን ጥሩ ማርክ ሰጡኝ።

ያ የኤፍኤም ፕሮግራም ጨርሶ የማያውቀው ሌላም ሙዚቃ ነበረን። በደርግ ዘመን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበርና ማታ ማታ በየቤቱ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ በለሆሳስ ይዘመራል። የተስፋዬ ጋቢሶ ካሴት ከቤት ቤት በነጠላ ተጠቅልሎ ይዞራል፤ ዘማሪው ስለ እምነቱ ለ7 ዓመት ያህል የታሰረ ሰው ነው። እንግዲህ ቀን የምሰማውን አባቴ ይከለክላሉ፣ ማታ የምንዘምረውን ቀበሌ ይከለክላል። ሁለቱንም ዛሬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ማንም ያልከለከለን፣ ሰልፍ ላይ የተጠናው የአውራጃው ኪነት ዘፈን ግን ጠፍቶብኛል። (አንዱ ትዝ ይለኛል፤ አልነግራችሁም።)

በኋላ ሙሉቀን መለሰ ጌታን ተቀበለ የሚል ወሬ ጊምቢቹ ደረሰ። ገና በልጅነቱ በአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች ዘፍኖ የገነነው ሰው ዘፈን እርግፍ አድርጎ ተወ። ቤታችን በዓል ሆነ። አባቴ ምሳ ላይ «ልጁ እኮ ድሮም ድምፁ ጥሩ ነበር» አሉ። እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የት ሰምተኸው?» አለቻቸው። አባቴ የቀረበውን የሀዲያ ምግብ፣ አተካናውን፣ አመስግነው ወደ ሌላ ወሬ ሄዱ። ሙሉቀን በ2016 ዓ.ም. አሜሪካ ሳለ ሲያርፍ ፌስቡክ ላይ ለዘፋኙ ያዘኑና ለአማኙ ያዘኑ ሁለት ለቅሶ ቤት ሠርተው ዋሉ። አባቴ ቢኖሩ ኖሮ በየትኛው በር እንደሚገቡ ባይ ደስ ይለኝ ነበር። ይፋ በሆነው በር ገብተው በጓሮ በር የሚወጡ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ አጫወትኩት። ከሠላሳ ዓመት ያለፈ ጎልማሳ ነው፤ እንደ ብዙዎቹ የሀዲያና የከምባታ ልጆች ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ሱቅ ይዟል። እሁድ ማታ ሱቁን ዘግቶ ይደውልልኛል። ከወዳጄ ጋር ያለኝን ክርክር እስኪበቃኝ አስረዳሁት፣ የካሴቱን ዘመን አሞገስኩለት፣ ከጎኔ ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ።

«ጋሼ፣ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አለኝ። «ሙዚቃ ያለቀው በ1997 ነው። ከቴዲ አፍሮ ‹ያስተሰርያል› ወዲህ ያለው ጫጫታ ነው።»

በ1997 ስንት ዓመቱ እንደነበር በጣቶቼ ቆጠርኩ። አስራ ሁለት። አልተከራከርኩትም፤ የወዳጄን ስልክ ቁጥር ላክሁለት። ይግባባሉ።